ዘጠነኛ ገጽ

ፒያሳ ነበረ ቢሯችን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
አርባ አንድ የእንጨት እርከን ወደ ሰማይ፤
የላሉ ነበሩ ሁለቱ፣ ዐሥራ ሰባትና ሠላሳ፣
እንግዳ ሲወጣ ከኋላ ይጮሃል ሾፌራችን ባይሳ፦
«እሱን ዝለለው!» በእንግሊዝኛ፣ በኦሮምኛ፣
ሲጨንቀው በጣልያንኛ።
እግሩ የተሰበረ የለም በዘመናችን፣ በእኛ።

ሕንፃው ለመንገድ ተነሣ። እኛም ዶሴ ተሸክመን
አምባሳደር ጀርባ ገባን፣ ቀብድ አስይዘን፣ ዋስ ለምነን።
አዲሱ ቤት ሊፍት አለው፤ መብራት ሲኖር ይወጣል፤
ባይኖርም ግድ የለም፣ ማን ሊሳፈር ይመጣል?

ሶልያና፣ የእህቴ ልጅ፣ ኮምፒውተር የተማረች፣
ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስማችንን ጻፈች፦
«ጉሬዛ አስጎብኚ»።
መጣ ራሱ ጉሬዛው፣ ዛፍ ላይ፣ ነጭ ካባውን ደርቦ፣
ቀጥሎ ጉሬዛ ከነልጁ፣ ቀጥሎ ጉሬዛ ጠግቦ፤
ወረደች፣ ወረደች፣ አራተኛ ገጽ፣ ሰባተኛ፣
ከተዘጋ ፀጉር ቤት ሥር፣ ዘጠነኛው ላይ አለን እኛ።
«አጎቴ፣» አለችኝ፣ «እዚህ ድረስ የሚወርድ
ወይ ፖሊስ ነው ወይ ዘመድ።»

«ደረጃችን ወርዷል፤ ከፍ እናድርገው» ስትለኝ
ጆሮዬ ውስጥ አንድ ጣውላ ሲጥ አለብኝ፤
ዐሥራ ሰባተኛው ነው። በድምፁ ዐውቀዋለሁ።

«ቁልፍ ቃል ንገረኝ።» ጉሮሮዬን ጠረግኩ፦
«የጥበብ መፍለቂያ፣ የድንቃ ድንቅ ምድር...»
«ማነው ሌሊት ተነሥቶ ይህን የሚፈልገው?» አለች።
ሰው የሚጽፈው፦ «ኤርታሌ ስንት ቀን ይወስዳል?»
«ሴት ብቻዋን ትሄዳለች?» «ሰኔ ላይ መንገዱ ያስኬዳል?»
ሃያ ስድስት ዓመት ከኋላ ወንበር የሰማሁት ጥያቄ!
መልሱን በአፌ ሳድል ኖርኩ፤ አንድም አልጻፍኩ፣ ሁሉን ዐውቄ።

ካርታው ላይ ግን ቀይዋ ምልክት ገና ፒያሳ ናት፣
ደረጃ የሌለው አየር ላይ ቆማ፣ ማንም አላወረዳት።
ባልና ሚስት ከሆላንድ እሷን ተከትለው ሄደው
አዲሱ አግዳሚ ላይ ጠበቁን፣ ሻንጣቸውን አስደግፈው።
ደወሉ። ሮጥኩ። «ደርሳችኋል ይላል» አሉኝ፣
ስልኩን ወደ ዓይኔ አቅርበው።
ውሸት የለውም። ደርሰዋል።

«ራስ ማሞገስ አይሰማም ሞተሩ፤ የእንግዳ ምስክር አምጣ።»
ሞተርስ የሚያውቅ ባይሳ ነበር፤
ኮፈን ከፍቶ፣ ጆሮ ጥሎ፣
«ይሄ ተጠምቷል» ብሎ።
ከዶሴ አድራሻ ለቅመን ለሁለት መቶ ሰው ጻፍን፤
ሃያ ሦስቱ መለሱ። ስለ እኔ አንድ ቃል አጣን።

«ባይሳ ለኤሊ መኪና አቆመ፣
ወርዶ አሻገራት፣ አቅፎ፣ እንደታመመ።»
«ልጄ መኪና ውስጥ ሲያስመልሰው
ባይሳ በገዛ ሹራቡ አበሰው።»
«ያ ደረጃ አለ? እጄን የያዘኝ ሰውዬስ?»
«መኪናው ሙዚቃ የለውም» (አራት ኮከብ)፣ «ባይሳ ግን ያፏጫል።»
«ባይሳ አሁንም ይነዳል?»
«ሰላም በሉልን።»

በወሩ ወጣን አራተኛ፤ በመስቀል ማግሥት፣ አንደኛ!
ከታች ነን፣ ጠርዙ ላይ፤ ሶልያና ግን እልልታዋ አስተኛኝ አላለም፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።
ባይሳ ካረፈ ሁለት ክረምት አልፏል።
በሰው ትከሻ ወጥተናል፤ ትከሻው አፈር ለብሷል።

«ለሁሉም መልስ ስጥ፣» ብላኝ ሄደች፣ «ፈላጊ መልስ ይወዳል።»
ሌሊት ነው። ሊፍቱ ቆሟል።
ለአንዱ እውነቱን ጻፍኩ፣ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው፤
«ልጄ አድጓል፣ እስከ ዛሬ ኤሊ ይስላል፤
ለባይሳ አሳዩልኝ» ከምትል እናት ዘንድ ስደርስ
ጣቴ ሰሌዳው ላይ ቀረ።
ከታች፣ ከሌለው ደረጃ፣ አንድ ሰው ጮኸ፦
«እሱን ዝለለው!»
በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እንጃ።